ለራክ የቱ ኧርዝ ይሻላል? በድሬዳዋ አሸዋና በሐረር ድንጋይ ላይ

ስልኩ የመጣው ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ነበር። «ራኩ ይነዝራል፤ ስዊቹን ላጥፋ ብዬ እጄን ስሰድ ቆንጠጥ ያደርገኛል» አለኝ የቢሮው ኃላፊ። ሄጄ ሳየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ 12 ዩኒት ራክ፣ የኔትወርክ ዕቃ የሚደረደርበት የብረት ሳጥን ነው። ውስጡ አንድ ስዊች፣ አንድ ራውተርና የካሜራ መቅጃ አለ፤ ከሥሩ ወለል ላይ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ተቀምጧል። መልቲሜትሩን በራኩ ብረትና በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) መካከል ሳደርገው 100 ቮልት ግድም አነበበ። ሰውየው ደነገጠ። የተበላሸ ዕቃ ግን አልነበረም።

ዛሬ የምንገዛቸው የኔትወርክ ዕቃዎች ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ የረብሻ ማጣሪያ አለው። ከፌዙ (መብራቱን ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ ብረቱ አንድ ትንሽ ካፓሲተር፣ ከኒውትራል ወደ ብረቱ ሌላ ትንሽ ካፓሲተር። ብረቱ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀርና የ220 ቮልቱን ግማሽ፣ 110 ገደማ ይይዛል። የሚያልፈው ከረንት ጥቂት ስለሆነ ይቆነጥጣል እንጂ አይገድልም። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፦ ይህ ራክ ኧርዝ፣ ማለትም ብረቱን ከመሬት ጋር የሚያያይዝ መስመር የለውም። ነገ የተላጠ ፌዝ ብረቱን ቢነካ የሚያስቆመው ነገር የለም።

«እንግዲህ ጓሮ አንድ ዘንግ ትተክልልኛለህ አይደል?» አለኝ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ኤሌክትሪሺያኖችም የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው። መንገዱ ግን ሦስት ነው። አንደኛው ከሶኬቱ በሚመጣው ኧርዝ ብቻ መኖር፣ ሁለተኛው ለራኩ ለብቻው መሬት ውስጥ የብረት ዘንግ መትከል፣ ሦስተኛው ራኩን ከሕንፃው ዋና ኧርዝ ጋር በወፍራም ገመድ ማሰር። ሦስቱንም ሠርቻለሁ፤ አንዱን ባልሠራሁት ኖሮ እላለሁ።

ሥራውን ሳይለዩ ኦም መቁጠር

ክርክሩ ሁሌም «ስንት ኦም አወጣህ?» ላይ ይወድቃል፤ ኦም ኧርዙ ከረንትን ምን ያህል እንደሚከለክል የሚለካበት ነው፣ ሲያንስ ይሻላል። ኧርዝ ግን የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም። ከዕቃዎቹ የሚሾልከውን ትንሽ ከረንት ማፍሰስ አንዱ ነው፤ ለዚህ 200 ኦም ያለው ደካማ ዘንግ እንኳ ይበቃል። ፌዝ ብረቱን ሲነካ ብሬከሩን ማስጣል ሌላው ነው። የመብረቅና የድንገተኛ ቮልቴጅን ጉልበት ማስተናገድ ደግሞ ሦስተኛው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሁለተኛውን ነው። ዘንጋችሁ ጥሩ ነው እንበል፣ 20 ኦም። የትራንስፎርመሩ ኧርዝ ደግሞ 2 ኦም። ፌዝ ራኩን ቢነካ 220 ለ22 ሲካፈል 10 አምፔር ብቻ ነው የሚሄደው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ለ10 አምፔር አይነቃነቅም። ራኩ 200 ቮልት ተሸክሞ፣ ብሬከሩ ዝም ብሎ፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ ይቀጥላል። «ዘንግ ተክያለሁ፤ ስለዚህ ደህና ነኝ» የሚለው እምነት እዚህ ጋ ይፈርሳል። ብሬከርን የሚያስጥለው በገመድ ወደ ምንጩ የሚመለስ አጭር መንገድ ነው፤ ያ ከሌለ በሄደውና በተመለሰው ከረንት መካከል ልዩነት ሲያይ የሚጥለው ልዩነት ቆጣሪ ብሬከር፣ አርሲዲ የምንለው፣ የግድ ያስፈልጋል።

የሶኬቱ ኧርዝ ብቻ

ለአንድ የግድግዳ ራክ፣ ሁለት ሦስት ዕቃ ለያዘ፣ ከውጭ የሚመጣ የመዳብ ገመድ ለሌለበት ቦታ ይህ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ቁፋሮ የለውም። ግን ኧርዙ በእርግጥ መኖር አለበት፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

እኛ ጋ የሶኬት ዓይነት ተደባልቋል። ክቡ ሶኬት በጎንና በጎኑ የሚታዩ የብረት ምላሶች ካሉት ኧርዝ የመኖር ዕድል አለው። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው አሮጌ ሶኬት ግን የለውም። ከዱባይ የመጣ ባለ ሦስት ጥርስ ስፒና በአዳፕተር ሲሰካ ርካሹ አዳፕተር ሦስተኛውን ጥርስ ዝም ብሎ ይውጠዋል፤ ከኋላው ሽቦ የለም። ኤክስቴንሽኑም እንደዚያው ነው፤ አንዳንዱን ስትፈቱት ኧርዝ ቀዳዳው ከምንም ጋር አልተያያዘም። የከዚራው ቢሮ ነገር ይኸው ነበር። ዩፒኤሱ ደንበኛ ስፒና አለው፤ የተሰካው ግን ምላስ በሌለው ኤክስቴንሽን ላይ ነው።

ሌላም አለ። ትንንሾቹ ስዊቾችና ራውተሮች የሚሠሩት በባለ ሁለት ጥርስ አዳፕተር ነው። እነዚህ ራኩን ፈጽሞ ከመሬት አያገናኙትም፤ ሶኬታችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ኧርዝ ቢኖረው። ኧርዝ ያለው ዕቃ ቢኖርም ራኩ በቀለም ስለተለበጠ ብሎኑ ቀለም ላይ ይቀመጥና ብረት ከብረት አይነካካም። አንድ ቀን ሰው መጥቶ ያንን ዕቃ ለጥገና ሲነቅለው ደግሞ ኧርዙም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን መንገድ የምመርጠው ዕቃው ጥቂት ሆኖ ሶኬቱን ራሴ ፈትቼ ካየሁት ብቻ ነው።

ለብቻው የተተከለ ዘንግ

ያልኳችሁ ስሕተት ይህ ነው። ሐረር ላይ ከጀጎል ግንብ ውጭ ያለ ሕንፃ ነበር፤ የማን እንደሆነ ይቅር። የመብራቱ ኧርዝ ከፊት ለፊት በኩል ነው፤ ራኩ ያለው ከኋላ ክፍል። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ በኋላ መስኮት ሥር አዲስ ዘንግ መትቼ ራኩን ከእሱ አገናኘሁት። «የዳታ ኧርዝ ከመብራት ኧርዝ ይለይ» የሚል ምክር ሰምቼ ነበር፤ ንጹሕ ኧርዝ ይሉታል። በክረምቱ አንድ ከሰዓት ነጎድጓድ ወረደ። መብረቁ ሕንፃውን እንኳ አልመታም፤ አካባቢው ላይ ነው ያረፈው። ማታ የተደወለልኝ ግማሹ የስዊቹ ፖርት ሞቶ፣ ከዚያ ጋር የተያያዙ የሁለት ኮምፒውተሮች የኔትወርክ ካርድም አብሮ ሄዶ ነው።

የሆነው ቀላል ነው። መብረቅ ብዙውን ጊዜ 30 ሺህ አምፔር ግድም ይሸከማል። ከዚያ ውስጥ 1 ሺህ አምፔር ብቻ 30 ኦም ወዳለው አንድ ዘንግ ቢገባ ያ ዘንግና ከእሱ የታሰረው ሁሉ ለቅጽበት በ30 ሺህ ቮልት ይነሣል። ሌላኛው ዘንግ በቦታው ነው። ራኩ በአንዱ ላይ፣ ኮምፒውተሮቹ በመብራት ገመዳቸው በሌላኛው ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ብቸኛ ድልድይ የኔትወርክ ገመዱ ነው። ልዩነቱ ሁሉ በዚያ ቀጭን ገመድ በኩል አለፈ። ሁለቱም ዘንጎች በወፍራም ገመድ ታስረው ቢሆኑ ኖሮ አብረው ይነሡ፣ አብረው ይወርዱ ነበር። ወፍ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ ላይ ተቀምጣ የማትጎዳው ሁለቱም እግሮቿ በአንድ ቮልቴጅ ላይ ስለሆኑ ነው፤ ራክም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ለብቻው የቀረ ዘንግ አልመክርም፤ ለማንም፣ የትም። አዲስ ዘንግ መትከል ጥፋት የለውም፤ ከነበረው ጋር አለማሰር ነው ጥፋቱ።

ከሕንፃው ዋና ኧርዝ ጋር ማሰር

ከማከፋፈያ ቦርዱ ኧርዝ ባር ወይም ከሕንፃው ዋና የኧርዝ መገናኛ ተነሥቶ ወደ ራኩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ባለ 16 ካሬ ሚሊ የመዳብ ገመድ፣ አረንጓዴና ቢጫ ልባስ ያለው። ምርጫዬ ይህ ነው። በዕቃዎቹ የመብራት ገመድ የሚመጣው ኧርዝ እንዳለ ይቀጥላል፤ ይህኛው ከእሱ በተጨማሪ ነው፣ በእሱ ምትክ አይደለም።

ለምን 16? የአሜሪካው የቴሌኮም ኧርዝ ደረጃ ቲአይኤ 607 ለራክ የሚፈልገው ትንሹ ውፍረት በእነሱ ቁጥር 6 የሚባለው ሲሆን 13.3 ካሬ ሚሊ ይሆናል፤ በእኛ ገበያ ቀጣዩ ባለ 16 ነው። በኦም ከሆነ ባለ 2.5 ገመድም ብዙ አይከፋም፤ 20 ሜትሩ 0.15 ኦም ግድም ነው፤ የ16ቱ 20 ሜትር 0.023። ልዩነቱ የሚታየው ብልሽት ሲኖር ነው፤ ቀጭኑ ሊቃጠል ይችላል።

ለመብረቅ ግን ከውፍረቱ ይልቅ ርዝመቱ ነው ወሳኙ። ማንኛውም ቀጥ ያለ ሽቦ የከረንትን ድንገተኛ ለውጥ ይቃወማል፤ ኢንዳክታንስ ይባላል፣ በሜትር 1 ማይክሮሄንሪ ገደማ ነው። ከረንቱ በአንድ ማይክሮሰከንድ በ1 ሺህ አምፔር ቢጨምር 10 ሜትር ሽቦ ጫፍና ጫፉ ላይ 10 ሺህ ቮልት ይፈጠራል፤ ገመዱ የክንድ ያህል ቢወፍር እንኳ ይህ ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ትርፍ ገመድ ጠቅልሎ መተው አይሆንም። ማጠፊያውም ሰፋ ይበል፤ ከ20 ሴንቲሜትር ያነሰ ቅስት አልሠራም። ቦርዱ ላይ የሚገባው የሰርጅ (የድንገተኛ ቮልቴጅ) መከላከያም በዚሁ ሒሳብ ነው የሚሠራው፤ ሁለቱ እግሮቹ ተደምረው ከግማሽ ሜትር አይብለጡ። እስከ ጣሪያ ዞሮ የተመለሰ ሽቦ ያለው መከላከያ ገንዘብ ማባከን ነው።

ገመዱን ስትገዙ በቢላ ጫር አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ በተለይ መሬት ውስጥ።

ሕንፃው ጭራሽ ኧርዝ ከሌለው

ከዚራና መጋላ ካሉ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። በባቡሩ ዘመን በተሠራ ቤት ውስጥ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ሁለት ነው፤ ፌዝና ኒውትራል። አንዳንዱ ቤት በብረት የውሃ ቧንቧ ነበር የሚተማመነው፤ ቧንቧው በፕላስቲክ ከተቀየረ ያ ኧርዝ የለም፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ማሰሪያ ማንንም አያታልል።

እዚህ ጋ አንድ አደገኛ አቋራጭ አለ። ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዝ ምላሱ ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት። መቆንጠጡ ወዲያው ይጠፋል፤ መልቲሜትሩም ደስ የሚል ቁጥር ያሳያል። ነገር ግን ኒውትራሉ ከዚያ በላይ የሆነ ቦታ የላላ ቀን፣ የትም ቦታ ይሁን፣ የራኩ ብረት ሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። ማገናኛው ኤክስቴንሽን ውስጥ ከሆነ ስፒናው ተገልብጦ የተሰካ፣ ወይም መስመሩ ሲጠገን ፌዝና ኒውትራሉ የተቀያየሩ ቀንም እንደዚያው። ኒውትራል ከኧርዝ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ካለ በሕንፃው መግቢያ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚወስነው መብራት ኃይልና ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን እንጂ እኔና እናንተ አይደለንም።

ያለው ጤናማ መንገድ ለሕንፃው ሙሉ አንድ ኧርዝ ሠርቶ በአርሲዲ መጠበቅ ነው። የድሬን አሸዋ ለሚያውቅ ይህ እፎይታ ነው። 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚጥል አርሲዲ ካለ 200 ኦም የሆነ መጥፎ ዘንግ እንኳ ራኩን ከ6 ቮልት በላይ አያቆየውም፤ 0.03 በ200 አባዙት። ከዚያ በላይ ቢሄድ መብራቱ በቅጽበት ይቋረጣል። አምስት ኦም ለማግኘት ሳምንት ሙሉ በዲጂኖ ከመቆፈር የአንድ አርሲዲ ዋጋ ብዙ ያተርፋል።

አርሲዲ ሲመረጥ ግን ራክ ጠባይ አለው። በስፒና የሚሰካ አንድ ዕቃ በደረጃው እስከ 3.5 ሚሊአምፔር እንዲያሾልክ ተፈቅዶለታል። አብዛኛው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን ይደማመራል። በሚመከረው መሠረት መደበኛው ፍሳሽ ከአርሲዲው ልክ 30 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለ30 ሚሊአምፔሩ 9 ማለት ነው። አሥር አሥራ አምስት ዕቃ የሞላበት ራክ በአንድ ባለ 30 ላይ ከተሰካ ሌሊት ያለምክንያት ይጥላል፤ ጠዋት ሰው ሳይገባ ኢንተርኔት የለም። ለትንሽ ራክ ባለ 30 አንድ ይበቃል። ለትልቅ ራክ መስመሩን ለሁለት ለሦስት ከፍሎ ለየራሳቸው ባለ 30 መስጠት ይሻላል። ባለ 300ውን ለዋናው መግቢያ እተወዋለሁ፤ እሱም ቢሆን ዘንጉ ከ166 ኦም በታች ካልሆነ ከ50 ቮልት በታች አያቆይም።

ዘንግ፣ የተዘረጋ ሽቦ ወይስ የመሠረት ፌሮ

ቁጥሩን እናውጣ። አፈሩ ከረንትን የሚከለክልበት ልክ (በኦም ሜትር ይለካል) መካከለኛ፣ 100 ኦም ሜትር ቢሆን 1.5 ሜትር የሆነ ዘንግ 60 ኦም፣ 2.4 ሜትሩ 40 ኦም አካባቢ ይሰጣል። ደረቅ አሸዋ ግን 500 ኦም ሜትርና ከዚያ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ያው 2.4 ሜትር ዘንግ 200 ኦም ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ «እንዴት ነው ኦሙ የማይወርደው?» እያሉ መዶሻ የሚሰብሩ ሰዎች ጥፋታቸው አይደለም፤ አሸዋው ነው። ሳቢያን የከተማው የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት ሰፈር ነው ብሎ መጽናናትም አይሠራም፤ ያ ውሃ ከእናንተ ዘንግ እጅግ በታች ነው።

ሁለተኛና ሦስተኛ ዘንግ ይረዳል፤ እርቀታቸው ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል፣ ቢቻል እጥፉን ከሆነ። ተጠጋግተው የተተከሉ ሦስት ዘንጎች እንደ አንድ ወፍራም ዘንግ ነው የሚቆጠሩት። ይልቅ እርጥበት ፈልጉ። ድሬዳዋ ላይ በነፃ የሚገኘው ውሃ የኤሲው ጠብታ ነው። የኤሲውን ቱቦ ዘንጉ ሥር እንዲያንጠባጥብ ማዞር ብዙ ጊዜ ከሁለተኛ ዘንግ የተሻለ ውጤት ሰጥቶኛል። መስጊድ አካባቢ ሲሆን የውዱ ውሃ የሚወርድበት ጥግም እንደዚያው ነው፤ አስፈቅዶ መሆኑ አይቀርም።

ጨውና ከሰል የድሮ መድኃኒታችን ነው። ይሠራል፤ በመጀመሪያው ወር። ጨው በዝናብ ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላል። ቤንቶናይት ጭቃ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ዘንጉንም አይበላም፤ በጣም በደረቀ አፈር ግን ተሰንጥቆ ከዘንጉ ይላቀቃል፤ ስለዚህ እሱም ኤሲው ሥር ነው የሚያምርበት።

ሐረር ሌላ ታሪክ ነው። ከድሬዳዋ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ደንገጎን ስትወጡ አየሩም አፈሩም ይቀየራል። ዝናቡ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ዘንጉ ግማሽ ሜትር ሳይገባ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋይ ላይ ዘንግ መታገል ከንቱ ነው። እዚያ የምመርጠው የተዘረጋ ባዶ መዳብ ነው፤ ግማሽ ሜትር ያህል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ተዘርግቶ። ሸካራው ቀመር የአፈሩን ኦም ሜትር በሁለት አባዝቶ ለርዝመቱ ማካፈል ነው፤ በ100 ኦም ሜትር አፈር 20 ሜትር ሽቦ 10 ኦም ግድም ይሰጣል። ጀጎል ውስጥ ግን ቦይም ቀልድ አይደለም። ቅጥሩና ከተማው ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ መተላለፊያው ጠባብ፣ ግድግዳው የጥንት ድንጋይ ነው። ሳያስፈቅዱ መዶሻ ማንሣት ከጎረቤት ጋርም ከቅርስ ጥበቃ ጋርም ያጣላል። እንዲህ ባለ ቤት በግቢው ውስጥ ያገኘሁትን ያህል ሽቦ እዘረጋለሁ፤ ቀሪውን አርሲዲው ይሸከም።

አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ ግን ሁሉንም ተዉና ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ድረሱ። የመሠረቱ ፌሮ ከሁሉም የሚበልጥ ኧርዝ ነው። ኮንክሪት ከአፈር እርጥበት እየሳበ ስለሚይዝ ደረቅ ቦታ ላይ እንኳ ያስተላልፋል። ይህን በሰፊው ያሳየው ኸርበርት ዩፈር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሪዞና በረሃ ውስጥ ለነበሩ የቦምብ መጋዘኖች። አሪዞና ከድሬዳዋ ብዙም አይለይም። በቀመሩ 500 ኦም ሜትር በሆነ አፈር ላይ 30 ሜትር ኩብ የመሠረት ኮንክሪት 32 ኦም አካባቢ ይሰጣል፤ ያው አፈር ላይ አንዱ ዘንግ 200 ነበር። ወጪው ፌሮዎቹን በደንብ አያይዞ አንድ ጫፍ ወደ ውጭ ማውጣት ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከዚህ ፌሮ ጋር ዚንክ የተቀባ ዘንግ አታገናኙ፤ ዘንጉ በፍጥነት ይበላል። መዳብ የለበሰው ይስማማዋል።

ለሌባም አስቡ። ላዩ ላይ የሚታይ መዳብ ብዙ አያድርም። በፕላስቲክ ቱቦ አልፎ፣ መጋጠሚያው በክዳን ጉድጓድ ውስጥ ይሁን።

ራኩ ውስጥ

ከአንድ በላይ ራክ ካለ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ ከራክ ወደ ራክ እየዘለለ የሚሄድ ገመድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን የመካከለኛውን ራክ ለማንሣት ብሎኑን የፈታ ሰው ከኋላ ያሉትን ሁሉ ያለ ኧርዝ ያስቀራል። ሌላው ግድግዳ ላይ በማግለያ የተቀመጠ የመዳብ ባር አድርጎ እያንዳንዱን ራክ በየራሱ ገመድ ወደ እሱ ማምጣት ነው። ከሁለት ራክ በላይ ከሆነ ባሩን እመርጣለሁ።

የራኩን ቀለም አትመኑት። ኬብል ላጉ (በገመዱ ጫፍ የሚጨመቀው የብረት ጆሮ) በሚቀመጥበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጭ ብረቱ ፍቁ፣ ወይም ቀለም የሚበሳ ባለ ጥርስ ሮንዴላ ተጠቀሙ። ላጉ ባለ ሁለት ቀዳዳ ይሁን፤ ባለ አንዱ በዳዶ ቢጠብቅም ገመዱ ሲጎተት እየዞረ ይላላል። ላጉን በመዶሻ መጨፍለቅ የተለመደ ነው፤ የመጭመቂያውን መሣሪያ ተውሱት ብዬ እለምናለሁ። በሩና የጎን ክዳኖቹ በማጠፊያ ብቻ የተያዙ ስለሆኑ የየራሳቸው አጭር ማሰሪያ ይኑራቸው። የኧርዝ ብሎን ያላቸው ዕቃዎች፣ ብዙዎቹ ትልልቅ ስዊቾች ከኋላ አላቸው፣ በባለ 4 ገመድ ከራኩ ጋር ይታሰሩ። ያ ብሎን ጌጥ አይደለም።

ከራኩ የሚወጡ ገመዶች

ራኩን አሳምራችሁ ካሰራችሁ በኋላ ጠላት የሚገባው ከዚህ ነው። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ የሚሄድ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ሁለት የተለያዩ ኧርዞችን ያገናኛል፤ የሐረሩ ታሪኬ በትልቁ ማለት ነው። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር ብቻ አድርጉ። ርቀቱ 15 ሜትር ቢሆንም። ብረት የለበሰ ፋይበር ከሆነ ደግሞ ብረቱ መግቢያው ላይ ከኧርዝ ጋር ይታሰር ወይም ይቆረጥ፤ እስከ ራኩ ድረስ መግባት የለበትም።

ጣሪያ ላይ ያለ ዲሽ፣ አንቴና ወይም ካሜራ ፋይበር የማይሆንለት ነው። ምሰሶው ከዚያው ከዋናው ኧርዝ ጋር ይታሰር፤ ገመዱ ሕንፃው ውስጥ ሲገባ መግቢያው ላይ የሰርጅ መከላከያ ይኑረው፤ መከላከያውም ወደዚያው ኧርዝ ይሂድ። ጋሻ ያለው የኔትወርክ ገመድ የምትገዙት ፓች ፓነሉም (ገመዶቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ራኩም ከታሰሩ ብቻ ነው። ካልታሰሩ ያ ጋሻ ሥራውን በሚገባ አይሠራም።

ጄኔሬተር ሲነሣ

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን መዝለል አይቻልም። ትንሹ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ብዙውን ጊዜ ኒውትራሉ ከአካሉ ጋር አልተያያዘም። መቀየሪያው ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ጄኔሬተሩ ላይ በምትሆኑበት ሰዓት ከመሬት ጋር የተያያዘ ምንም ምንጭ የላችሁም፤ አርሲዲውም ብሬከሩም ለኧርዝ ብልሽት ዕውር ናቸው። ጄኔሬተሩ በቋሚነት ሕንፃውን የሚመግብ ከሆነ ኤሌክትሪሺያኑ ኒውትራሉን ከጄኔሬተሩ አካልና ከዋናው ኧርዝ ጋር በአንድ ቦታ ያስረው፤ ከዚያም ጄኔሬተሩ ላይ ሆናችሁ አርሲዲውን በራሱ የመሞከሪያ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን በእውነተኛ መሞከሪያ መሣሪያ አስፈትሹት። ቁልፉ የራሱን የውስጥ መንገድ ነው የሚፈትሸው፤ ኧርዝ ባይኖርም ይጥላል።

መለካት

ፌዝና ኧርዝ መካከል 220 ቮልት ማንበብ ኧርዝ መኖሩን አያረጋግጥም። መልቲሜትር ከረንት ስለማይስብ 5 ሺህ ኦም የሆነ ግንኙነትም ጥሩ ይመስለዋል። አምፖል በፌዝና በኧርዝ መካከል አብርቶ ማየትም እኛ ጋ የታወቀ ዘዴ ነው። ኧርዙ ደካማ ከሆነ ግን አምፖሉ በበራበት ቅጽበት ከዚያ ኧርዝ ጋር የታሰረው የሕንፃው ብረት ሁሉ ነዛሪ ይሆናል፤ ከታች ማን ፍሪጅ እንደነካ አታውቁም። አትሞክሩት።

ትክክለኛው ሁለት ካስማ ያለው የኧርዝ መለኪያ ነው። ሩቁ ካስማ 30 ሜትር ላይ ቢሆን መካከለኛው 62 በመቶው ላይ፣ 18.5 ሜትር ግድም ይተከላል። የሚለካውም ኧርዙ ለጊዜው ከሕንፃው ተፈትቶ፣ መብራቱም ጠፍቶ ነው። በማቀፊያ መልክ የተሠራው መለኪያ ምቹ ነው፤ ግን ከአንድ በላይ ኧርዝ በቀለበት ካልተያያዘ ነጠላ ዘንግ ላይ ትርጉም ያለው ቁጥር አይሰጥም። ከዝናብ በኋላ የወጣ ቁጥር አታላይ ስለሆነ በደረቁ ወር ይለካ። ከራኩ በር እስከ ዋናው ባር ያለው ደግሞ ከ0.1 ኦም አይብለጥ፤ ከበለጠ ቀለም ያልተፋቀበት ቦታ አለ።

የከዚራው ቢሮ ምን ሆነ? ቤቱ አሮጌ፣ ኧርዝ የሌለው ነው። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ኤሲው በሚያንጠባጥብበት ጎን መዳብ የለበሱ ሦስት ዘንጎች ተተከሉ፤ ቦርዱ ላይ የኧርዝ ባርና ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ገባ፤ ለራኩና ለዩፒኤሱ ኧርዝ ያለው አዲስ ሶኬት ተዘረጋ። ከባሩ እስከ ራኩ 7 ሜትር ባለ 16 ገመድ ሄደ። ሦስቱ ዘንጎች በግንቦት 62 ኦም አወጡ። ኃላፊው ቁጥሩን ሰምቶ ቅር አለው፤ ከ5 በታች መሆን አለበት ሲባል ሰምቷል። አርሲዲው ሳይጥል ራኩ ይዞ ሊቆይ የሚችለውን በወረቀት አሰላሁለት፤ 2 ቮልት አይሞላም። ከዚያ ራኩን በእጁ ጀርባ ነካው፣ ደግሞ በመዳፉ፣ ምንም የለም። ኤክስቴንሽኑን ግን ሊጥለው አልፈለገም፤ ለቡና ማሽኑ ይሆናል አለ። ቆርጬበት ወጣሁ።